የኦርኮሜኖስ ስንዴ

ባለፈው ዐቢይ ጾም የወንድሜ ልጅ ሊያ እኔ ቤት መጣችና ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታሁት፤ የአንገት መስቀል ነው። አባቴ የሠራው፣ ወንድሜ ታደሰ በካልሲው ደብቆ ሱዳንን ያሻገረው፣ ከዚያም እዚህ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ባለው አፓርትማው መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት ተረስቶ የኖረ መስቀል። ከመጥቆሩ የተነሳ ብር መሆኑም አያስታውቅ።

«አክስቴ፣ ይኼን ክሊን ታደርጊልኛለሽ? ለሠርጌ ላደርገው ነው። ዳዲ አንቺ ታውቂበታለሽ አለኝ።»

«አልነካውም» አልኳት።

«ዋይ ኖት? ጀስት ትንሽ ሎሚ ምናምን…»

«አልነካውም አልኩ እኮ! አንቺም እንዳትነኪው!»

ልጅቷ ክው አለች። ምላሴ ስለታም መሆኑን ቤተ ክርስቲያኑም ሰፈሩም ያውቃል፤ በሷ ላይ ግን ጮኬ አላውቅም። ሻይዋን ሳትጨርስ «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለች ሄደች። መስቀሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸሽቼው ወደኖርኩት መጋቢት ተመለስኩ፤ ወድጄ አይደለም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ፓርክዴል ውስጥ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ በላይ ባለች ክፍል ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር እኖር ነበር። ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ በረዶው ቀልጦ ከጨው ጋር ተለውሶ፣ ጫማችን ላይ ነጭ ካርታ እየሣለ የሚደርቅበት ወቅት ነው። አንድ ቀን አንደኛዋ ልጅ ምግብ አልበላ ብሏት ተኛች። ሌላዋ «ቀጥቃጭ በልቷት ይሆናል!» ብላ ሣቀች። ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ፤ በኛ አገር ብረት ቀጥቃጭና ብር አንጥረኛ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሣቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሣቅሁ።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ጠገራ ብር አቅልጦ መስቀል፣ ቀለበት፣ ድሪ ይሠራል። የከተማችን ሰው የአባቴን መስቀል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሳለማል፤ እኛ ቤት ግን እህል አይቀምስም። በዓል ሲቃረብ ደግሞ የጠቆረ ብሩን ይዞ ደጃችን ይሰለፋል። አባቴ በእንዶድ ውኃ ይቀቅለዋል፣ በሎሚና በአመድ ያሸዋል፤ ብሩ ወተት መስሎ ይወጣል። «የጠቆረ ብር ለእንግዳ አይወጣም» ይል ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሳሽ አደግሁ፤ ጣቴ ሁልጊዜ ሎሚ ይሸት ነበር። ቶሮንቶ ስገባ ግን «አባትሽ ምን ነበር?» ለሚለኝ ሁሉ «ነጋዴ» እላለሁ። አገር ጥዬ መጥቼ ያንን ስድብ ተሸክሜው ልኑር እንዴ!

ሥራዬ ቤት ማጽዳት ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ዳንፎርዝ አካባቢ አንድ የግሪክ ሽማግሌ ቤት እሄዳለሁ። ከደፈሪን ጣቢያ ባቡር ይዤ በብሉር ጎዳና ሥር ለሥር ስሄድ ቆይቼ፣ ባቡሩ ድንገት ከመሬት ወጥቶ በሸለቆው ላይ ባለው ድልድይ ሲያልፍ ብርሃን ዓይኔን ያጥበረብረዋል፤ ከታች እርቃኑን የቆመ ጫካና ቡናማ ወንዝ ይታያል። ወዲያ ማዶ ግሪኮቹ ናቸው። ሰፈሩ «ባርባ ስታማቲስ» ይላቸዋል፤ ባርባ እንደኛ «ጋሼ» ማለት ነው። እኔም ባርባ እላቸው ነበር። ሰባውን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው። ኤሌኒ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አርባውን የተሻገረች፣ ያላገባች። እሑድ እሑድ ትመጣና ቤቱን ሽጠው ከሷ ጋር እንዲኖሩ ትለምናቸዋለች፤ እሳቸው እንቢ ይላሉ፤ ይጣላሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ትመጣለች።

ከባርባ ጋር ያገናኘን ጾሙ ነው። መጀመሪያ ቀን አይብ አቀረቡልኝና «ጾም ነኝ» ስላቸው ዓይናቸው በራ። የነሱም ፋሲካ ከኛ ጋር አንድ ቀን ነው ለካ! ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ስጨርስ የምስር ሾርባና የወይራ ፍሬ ይዘን እንቀመጣለን። እንግሊዝኛችን ሁለታችንም ጋ ሰባራ ስለሆነ ማንም ማንንም አያፍርም።

ከምሳ በኋላ ሳጥኑን ያመጡታል። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ቀይ ከፋይ ለብሶ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ጎድጓዳ ተቀዶለታል። አሥር የጥንት ብሮች፣ አሥሩም ጋሻ የተቀረጸባቸው። ጋሻው ግራና ቀኙ እንደ መነከስ ያለ ነው። የትውልድ አገራቸው ቦዮትያ ከአቴና በስተሰሜን ያለ የእርሻ አገር ነው አሉኝ። ጥንት ከተሞቹ ኅብረት ነበራቸውና ሁሉም በገንዘባቸው ላይ ያንኑ ጋሻ ያትሙ ነበር፤ የየራሳቸው የሆነው የከተማቸው ስም መጀመሪያ ፊደል ብቻ ነበር። ትልቋ ቴቤ ነበረች፤ በኋላ እስክንድር መጥቶ አፈራረሳት፣ ሕዝቧንም ሸጠ። እኛ አገር ደግ ንጉሥ እየተባለ የሚነገርለት እስክንድር! ይህን ስነግራቸው ባርባ «ለማን ደግ?» ብለው ሣቁ፤ ደስ የሚል ሣቅ አልነበረም።

«አቴናውያን ደግሞ የቦዮትያ አሳማ ይሉን ነበር» አሉኝ። «ጭንቅላታችሁ አይሠራም፣ ከሆዳችሁ በቀር አታውቁም ይሉናል። ስንዴያችንን ግን ይበሉ ነበር።»

እኔም፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። ስለ ቡዳው፣ ስለ መስቀሉ፣ ቤታችን ስለማይቀመሰው እህል። እዚህ አገር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ባርባ እጄን ይዘው ጣቶቼን አገላብጠው አዩዋቸው። «የእጅ ባለሙያ ልጅ ነሽ» አሉ። ለምን እንዳለቀስኩ አላስታውስም፤ ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ።

አሥራ አንደኛዋን ያሳዩኝ ከዚያ በኋላ ነው። የምስር ፍሬ የምታክል፣ ጥቁር፣ ዓይን የማትገባ ነገር። መስኮት ጋ ወስደው አዘነበሏት፤ ያኔ ጥቁሩ መሐል አንዲት የስንዴ ፍሬ ታየችኝ፤ ስንጥቋ ሳይቀር። የመንደራቸው አጠገብ የነበረችው ጥንታዊቷ ከተማ ኦርኮሜኖስ ለቴቤ አልገዛም ብላ ለብዙ ጊዜ በጋሻው ፋንታ የራሷን ስንዴ ታትም ነበር። መጨረሻዋ ምን ሆነ? ቴቤዎች ወንዶቿን ገድለው ሴቶቿንና ልጆቿን ሸጡ። ስንዴዋን ያገኛት የባርባ ታናሽ ወንድም ያኒስ ነው፤ ልጅ ሆኖ ከሞፈር ኋላ ሲሄድ። ጀርመኖች አገራቸውን በያዙበት በጦርነቱ ዘመን አንድ ቀን ጠዋት ባርባ እህል ሊያስፈጩ ማዶ መንደር ሲሄዱ ያኒስ «ለመንገድህ ትሁንህ፣ ማታ ትመልስልኛለህ» ብሎ ሰጣቸው። ሲመለሱ መንደሩ ነድዷል፤ ወንዶቹ በሙሉ አውድማው ላይ ተረሽነዋል። ያኒስ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

«መቃብሩ የጅምላ ነው፤ ስሙ የትም የለም» አሉኝ።

ባርባ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገንዘቦቹን ለአንድ ሙዚየም ሰጥተው አጠገባቸው በትንሽ ወረቀት የያኒስ ስም እንዲጻፍ። ከሙዚየሙ የሚመጣው ሰው በስልክ «ጋሻዎቹ ብዙ አሉን፤ ስንዴዋን ግን ልያት፤ እሷ ከሆነች እንቀበላለን» ብሏቸዋል። ቀኑ ቅዳሜ ተቆረጠ።

እኔም ወንድም ነበረኝ። ታደሰ ያኔ ካርቱም ነው። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «እህቴ፣ አፈሳው በርትቷል። አብረውኝ የሚያድሩት ሁለቱ ልጆች ትናንት ተወስደዋል። እባክሽ ፍጠኝ።» እሱን ስፖንሰር ለማድረግ አምስት ሰው መፈረም አለበት። አራቱን ከማጸዳላቸው ቤቶችና ከእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ለምኜ አገኘሁ። ያገሬን ሰው አልጠየቅሁም፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛላ! አምስተኛው ባርባ ናቸው። «ቅዳሜ እንግዳው ሲሄድ እፈርምልሻለሁ፤ ያን ቀን ልቤ ደስ ይለዋል፣ እጄም አይንቀጠቀጥም» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ኤሌኒ ሐኪም ጋ ወሰደቻቸው። ቤቱን ጨረስኩ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከፈትኩት። ከፋዩ አንድ ጥጉ ላይ ደርቆ ተኮማትሯል፤ ልብ ብዬም አላሰብኩበት። ያየሁት ብሮቹን ነው። ጠቁረዋል! ከነገ ወዲያ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ባርባ ከነጥቁረታቸው ሊያቀርቡ ነው። እንዴት እስከዛሬ ሳላስበው ቀረሁ አልኩ። ደስ ላሰኛቸው ፈለግሁ፤ አልዋሽም፣ ከፊርማው በፊት ውለታ ልዋልላቸውም ፈለግሁ። ከሁሉም በላይ ግን እጄ ራሱ ፈለገ። የአንጥረኛ ልጅ መሆኔን አንድ ሰው አወቀልኝ፤ ሠርቼ ላሳየው አልኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ከፍሪጅ ሎሚ አወጣሁ። እንዶድ ከየት ይምጣ፤ ቤኪንግ ሶዳ አገኘሁ። ምድር ቤት ካለው የማገዶ ምድጃ አመድ ዝቄ ነፋሁት። ጋሻዎቹን በአሉሚኒየም ድስት ቀቅዬ ማሸት ጀመርኩ። አቤት ደስታዬ! አንድ በአንድ እየነጡ ወጡ። ጋሻው ፈካ፣ ፊደሉ አበራ። እየዘፈንኩ ነበር። ቶሮንቶ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን የቀናኝ አልነበረም። ስንዴዋን መጨረሻ ላይ አደረግኋት፤ እንደ ልጅ ጣፋጩን ጉርሻ ለኋላ ማስቀመጤ ነው።

ጥቁሩ ለስለስ ያለ ነበር፤ ጥፍሬ ሲነካው እንደ ሻማ ሰም ይፋቃል። ጥሩ ነው፣ ቆሻሻው ቶሎ ለቀቀ ብዬ አሸሁ። ከሥሩ ነጭ ብቅ አለ። ስንዴዋ ግን የለችም። ሌላው ጎን ይሆናል ብዬ ገለበጥኩና እሱንም አሸሁ። እዚያም የለችም። አሁንም ከቆሻሻው ሥር ናት እያልኩ፣ እያላበኝ፣ አሸሁ። በመጨረሻ ጣቴ ላይ የቀረችው ለስላሳ፣ ነጭ፣ ምንም የሌለባት ቅንጣት ብር ናት። አባቴ ያመጡለትን ብር ሁሉ ሲያሽ ቅርጹ ጠፍቶበት አያውቅም። ጠገራ ብሩ ጠንካራ ነው፤ መስቀሉም የትናንት ሥራ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ የተኛ ብር ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ጎድጓዳዋ ውስጥ መለስኳት። ሳጥኑን ዘጋሁ። ድስቱን አጠብኩ። የሎሚውን ልጣጭ በላስቲክ ቋጥሬ ይዤው ወጣሁና ባቡር ጣቢያው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፤ ሌባም እንደዚያ አይጠነቀቅም።

ቅዳሜ በጠዋት ሄድኩ፤ ሻይ እንዳቀርብ ባርባ ለምነውኛል። ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባርባ ሰማያዊ ክራባት አስረዋል። ኤሌኒ ለጾም የሚሆን ሐላዋ ይዛ መጥታለች። የሙዚየሙ ሰው ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ባርባ ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱት።

ጋሻዎቹ ብልጭ አሉ። ባርባ ስንዴዋን በሁለት ጣታቸው አንስተው መስኮት ጋ ሄዱ፤ አዘነበሏት፤ ገለበጧት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩዋት። ሰውየው ተቀብሎ በአጉሊ መነጽሩ ቆይቶ አያት።

«ማነው ያጸዳት?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም ለባርባ አስረዳቸው። እኔ የኩሽናው በር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜ እሰማለሁ። እንዲህ ያለ አሮጌ ብር መሬት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ገላው ወደ ጥቁር ቅርፊት ይለወጣል። ምስሉ የሚቀረው ቅርፊቱ ላይ ነው። ቅርፊቱን ያነሳ ሰው ቆሻሻ አላነሳም፤ ስንዴዋን ራሷን ነው ያነሳት።

ባርባ ወደ ኤሌኒ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «ይኼን ቤት ጠርገሽ ለመጨረስ የቸኮልሽው አንቺ ነሽ።»

ኤሌኒ ፊቷ አመድ መሰለ። አይደለሁም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም። «ባባ…» ብቻ አለች። ኩራቷ ነው፣ መመለስ ንቃ ነው አልኩ በልቤ። ባርባ በግሪክኛ የሆነ ነገር ጮሁ፤ ቃሉ ባይገባኝም በሩን ሲያሳዩ አየሁ። ካፖርቷን አንስታ የጫማዋን ዚፕ እንኳ ሳትዘጋ በዚያ ጭቃ በረዶ ላይ ወጣች።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን ብከፍት ያበቃ ነበር። «እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ፎርም፣ የታደሰ ደብዳቤ፣ የተወሰዱት ሁለት ልጆች… ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ትሪውን ይዤ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰውየው ይቅርታ እየጠየቀ ሄደ። ባርባ ወንበራቸው ላይ ብዙ ተቀመጡና «ወረቀቱን አምጪ» አሉኝ። «ሌላ ቀን ይሁን» አልኩ፤ ከአንገት በላይ። «ቃል ገብቻለሁ» አሉና ፈረሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደረጃ ላይ ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ኤሌኒ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልመጣችም፤ ስትደውልም ባርባ ስልኩን ሲዘጉባት በዓይኔ አይቻለሁ። ከሆሳዕና በፊት በነበረው ማክሰኞ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከስተዋል። እግራቸውን ሳሽላቸው ጣቶቼን ሲያዩ ቆዩና፦

«አባትሽ ብሩን በምንድን ነበር የሚያነጡት?» አሉኝ።

«በሎሚ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት! ከትራሳቸው ሥር ትንሽ ፖስታ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። ሳልከፍተው አወቅኋት፤ ክብደት የላትም።

«ኤሌኒን ጥሪልኝ» አሉ። «እኔ ብደውል አሁን እሷ ትዘጋብኛለች፤ እውነቷን ነው። አንቺ ሄደሽ ንገሪያት። ይኼንንም ስጫት። አባትሽ ይቅርታ ይጠይቅሻል በያት።»

«እሺ ባርባ» አልኩ።

አልሄድኩም። ማክሰኞ ማታ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ አሰብኩ፤ ኤሌኒ ስታውቅ ምን ታደርጋለች? የኢሚግሬሽን ቢሮው ለፈራሚዎቹ እየደወለ ይጠይቃል ተብያለሁ፤ የአባቷ ፊርማ እንዲሰረዝ ብታደርግስ? ወንድሜን በአንድ ስልክ ብታስቀርብኝስ? ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ፤ ፋይሉ እስከዚያ ያልፋል፤ ባርባም ይሻላቸዋል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ባርባ በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ሞቱ። ነርሷ እንደነገረችኝ በመጨረሻው ቀን በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሄድኩ። ኤሌኒ ብቻዋን ቆማለች፤ አታለቅስም። እጇን ያዝኩና «አዝናለሁ» አልኳት፤ የተላክሁበትን ቃል ግን አልነገርኳትም። እሷም «ቤቱን በደንብ ስለያዝሽላቸው አመሰግናለሁ» አለችኝ።

አሁን የሚቀጥለውን ስሙኝና ፍረዱ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ከቢሮው ተደወለ፤ የሞተ ሰው ፊርማ አይሠራም፣ ሌላ ሰው አምጪ ተባልኩ። ያን ሁሉ የጠበቅኩት፣ ለሱ ብዬ አንድ ሽማግሌ ዓይኑ በር ላይ እንዲቀር ያደረግኩበት ፊርማ ወረቀት ሆኖ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል። ሌላ ማንም ስላልነበረኝ እያፈርኩ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንድ ታክሲ ነጂ ያገሬን ሰው ለመንኩ። «አምጪው» ብሎ መኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈረመልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀኝም።

ታደሰ በዓመቱ ገባ። አገባ፣ ወለደ፣ ሊያ ተወለደች። ልደቷን ባከበርን ቁጥር ሳለቅስ «አክስቴ ደስታ ያስለቅሳታል» ይላሉ። ይበሉ። ፖስታዋ ከቤት ቤት ስዛወር አብራኝ ዞረች፤ አልጣልኳትም፣ አላደረስኳትም። ቤቱን ኤሌኒ እንዳልሸጠችው፣ እዚያው እንደምትኖር አውቅ ነበር። ዳንፎርዝ ሥራ ሲገጥመኝ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ።

ሊያ ላይ በጮህኩበት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሄጄ መስቀሉን ሰጠኋት። «እንደጠቆረ አድርጊው» አልኳት። «የማን ሥራ ነው ካሉሽ የአያቴ ነው፣ አንጥረኛ ነበር በያቸው።» «ኦፍ ኮርስ አክስቴ፣ ዋይ ዉድንት አይ?» አለችኝ። ለሷ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነው። ከዚያ በአውቶቡስ ወርጄ ፖስታዋን ይዤ ያን በር አንኳኳሁ።

ኤሌኒ ከፈተች። ሸብታለች፣ ከዘራ ይዛለች። ሳያት ባርባን ያየሁ መሰለኝ። «የአባቴ ልጅ» አለች ስታውቀኝ፤ በዚያ ቤት እንደ ልጃቸው እንደሚጠሩኝ አላውቅም ነበር። ያው ኩሽና፣ ያው ጠረጴዛ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኳት። ሎሚውን፣ አመዱን፣ ፎርሙን፣ ሆስፒታሉን። «ጠርተውሽ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብለውኝ ነበር። በር በርን ሲያዩ ነው የሞቱት። እኔ ነኝ ያልጠራሁሽ።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ፖስታውን እንኳ አልነካችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ያ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት በነበረው እሑድ» አለች በመጨረሻ፣ «ሳጥኑ ውስጥ ቡና ደፋሁ። ባባ ሳያየኝ ሁሉንም በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አበስኳቸውና መለስኳቸው። አንቺ ነሽ ሲለኝ እውነቱን ነው አልኩ። ስንዴዋን እኔ አጠፋኋት ብዬ ነው የኖርኩት። ለዚህ ነው ያልመለስኩለት። ለዚህ ነው ሆስፒታልም ያልሄድኩት፤ በምን ዓይኔ ልየው?»

የተኮማተረው ከፋይ ትዝ አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኩራት ያልኩት፣ ንቀት ያልኩት ያ ዝምታዋ… ሠላሳ ዓመት የኔን ጥፋት ስትሸከም እኔ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ይቅርታ ልላት ሞከርኩ፤ እንኳን ለሠላሳ ዓመት ለአንድ ቀኑም የሚበቃ አልሆነልኝ። እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ ውጪልኝም አላለችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሞተ ሰው እንደማይነጋለት ግን ተረቱ አይናገርም።

ከዚያ ፖስታውን ከፍታ ያችን ቅንጣት መዳፏ ላይ አኖረቻትና እንደ አባቷ ወደ መስኮቱ ሄደች። አዘነበለቻት። ገለበጠቻት።

«ስንዴው በየትኛው ጎን ነበር?» አለችኝ።

ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ። የአንጥረኛ ልጅ ነኝ፤ ብር በእጄ ይዤ ነው ያደግሁት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። አላወቅሁም።